የበሰበሰው እንጨትና የአናጢው እውነት

የበሰበሰን እንጨት አጠንክሮ ለሥራ ማዋል ይቻላል ወይ ቢባል፣ መልሱ «ይቻላል» ነው። የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ያ የጠነከረ እንጨት ለሰው ሲሰጥ ምን ተብሎ ይሰጥ? የሚለው ነው።

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ልደታ ባለው ሰፈር ለረጅም ዘመን የኖሩት የጭቃ ቤቶች በእንጨት ቋሚና ማገር የተሠሩ ነበሩ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። እንዲህ ያለ ቤት ሲፈርስ፣ ቋሚው ከላይ ጤነኛ፣ ከመሬት በሚገናኝበት ላይ ግን በጣት የሚፈረፈር ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም እንጨት አብስባሹ ፈንገስ እርጥበትንም አየርንም ይሻልና፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ሥፍራ ይበረታል።

አንድ አናጢ ከዚህ ፍርስራሽ ጉማጅ አንሥቶ ሊያድን ቢፈልግ፣ አስቀድሞ ያደርቀዋል፤ እርጥበቱ ከመቶ 20 እጅ በታች ሲወርድ መበስበሱ ይቆማልና። ከዚያም በቀጭን ሬዚን ነክሮ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አየሩን በፓምፕ ይመጥጣል። አየሩ ሲመለስ ፈሳሹ በባዶዎቹ ቀዳዳዎች ይሰርጋል፤ በሙቀትም ይደርቃል። ያ ሲፈረፈር የነበረው ጉማጅ በመሮ የሚቀረጽ፣ የሚያብረቀርቅ የቢላ እጀታ ወይም የጌጥ ሣጥን ይሆናል። ፈንገሱ ያሰመረው ጥቁር መስመር እንኳ ውበቱ ይሆናል።

እንግዲህ የቅርጽና የይዘት ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ያው ጉማጅ በሬዚን ደንድኖና ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ ምሰሶ ቢሆን፣ ዓይን ልዩነቱን አያውቅም፤ ጣሪያው ግን ያውቃል። የተበላው የእንጨት ጭረት ነው፤ የገባው ደግሞ ሙጫ ነው። ሙጫ ክፍተት ይሞላል እንጂ የጠፋውን ጭረት አይተካም።

በ1628 እ.ኤ.አ. የሰጠመችው የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳ በ1961 እ.ኤ.አ. ከባሕር ወጥታ፣ እንጨቷ እንዳይሰነጠቅ 17 ዓመት ሙሉ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ተረጭቶባታል። ቅርጿ ዳነ፤ ጉልበቷ ግን አልተመለሰም። ዛሬ በሙዚየም ውስጥ በድጋፍ ቆማ ትታያለች፤ ትቀዝፋለች የሚል ግን የለም። ክብሯም የተጠበቀው ያልሆነችውን እንድትሆን ስላልተጠየቀች ነው።

ስለዚህ የተጎዳን ነገር ማዳን በራሱ ማታለል አይደለም፤ የደከመን ሁሉ መጣልም ጥበብ አይደለም። ማታለል የሚጀምረው ጉዳቱ ተሸፍኖ፣ ሌላው ሰው ሳያውቅ ክብደቱን እንዲያሳርፍበት ሲደረግ ነው። ለምሰሶ የሚሆነው ጥገና ሌላ ነው፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ይወጣል፣ ጤነኛ እንጨት ይገጠማል፣ መጋጠሚያውም ሳይደበቅ ይታያል። አናጢውም ሆነ ማንኛውም ጠጋኝ የሚመዘነው፣ የሠራውን በማሳመሩ ብቻ ሳይሆን፣ «ይህ ለጌጥ ነው፣ ይህ ለሸክም ነው» ብሎ በግልጽ በመናገሩ ነው። በዚያ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ሌላ ሰው ነውና።