እንግዳ ክርስቲያን በሌላው መቅደስ

አንድ የተጠመቀ ክርስቲያን ሥርዓቱንም ቋንቋውንም በማያውቀው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲቀደስ ቢገኝ፣ በዚያ ቆሞ የሚያደርገው ነገር አምልኮ ነው ወይስ ጉብኝት? ጥያቄው ነገረ ቤተ ክርስቲያንን፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሆነችና ወሰኗ እስከ የት እንደሚደርስ የሚመረምረውን የትምህርት ክፍል፣ ከሥሩ ይነካል። እንግዳው የክርስቶስ አካል ነው ከተባለ ከማዕዱ የሚከለከልበት ምክንያት ሊነገረው ይገባል፤ አይደለም ከተባለ ደግሞ የተጠመቀበት ስም ምን ዋጋ እንዳለው መልስ የሚሻ ጉዳይ ይሆናል።

የጥንቱ ሥርዓት ለዚህ ሰው የተዘጋጀ ቦታ አልነበረውም። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት 14ኛ ምዕራፍ ድንገት ወደ ጉባኤው ስለሚገባ የማያምን ሰው ተጨንቆ፣ የሚነገረው ቃል ይገባው ዘንድ እንዲተረጎም አዝዟል። ከዚያ በኋላ የጸናው ሥርዓት ደግሞ ንኡሰ ክርስቲያንን፣ ማለትም ትምህርት ጀምረው ገና ያልተጠመቁትን፣ ከንባቡና ከስብከቱ በኋላ ያሰናብታቸው ነበር፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ውስጥ ይህ የዲያቆን አዋጅ እስከ ዛሬ ይሰማል። ሁለቱም በዋናነት የሚለዩት የተጠመቀንና ያልተጠመቀን ነው። ተጠምቆ ሳለ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ሰው ዘላቂ ጥያቄ ሆኖ የመጣው አብያተ ክርስቲያናት ከተለያዩ ወዲህ፣ በተለይም በ451 ዓ.ም. ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ይህ ጥያቄ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያና በአውሮፓ መካከል በተመላለሱ ሰዎች ሕይወት ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እስከ 1526 በአገሪቱ ሲቆይ ያየውን በዝርዝር ጽፏል፤ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገቡ፣ በደጃፉ ከተከመሩት መቋሚያዎች አንዳንድ አንሥተው ጸሎቱ እስኪያልቅ ተደግፈው እንደሚቆሙ ሳይቀር መዝግቧል። የጥምቀት በዓልን ሲያይ፣ ለበዓሉ በተቆፈረው ገንዳ ውስጥ አንድ አረጋዊ ካህን፣ የንጉሡ የቀድሞ መምህር፣ ራቁቱን እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ በውርጩ እየተንቀጠቀጠ፣ የሚመጣውን ሁሉ ሲያጠምቅ ተመለከተ። ንጉሡም ምን እንደሚያስብ ጠየቁት። አልቫሬዝ ጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት እንደምትል ጠቅሶ መቃወሙን ሳይሸሽግ መለሰ፤ ንጉሡም በበኩላቸው ክደው የተመለሱ ሰዎች ታዲያ ምን ይደረጉ ብለው ሞገቱት። እንግዳው ያየውን በአድናቆት ብቻ አላለፈም፤ አስተናጋጁም ጥያቄን እንደ ስድብ አልቆጠረም፤ አንዱ የሌላውን አምልኮ ከቁም ነገር የሚቆጥረው እንዲህ ሲጠያየቅ ነው።

ምርመራው በአንድ ወገን ብቻ አልቀረም፤ የንጉሡ ካህናትም የአልቫሬዝን ቅዳሴ ቆመው አይተዋል። ያገኙበት ጉድለት አንድ ቄስ ብቻውን መቀደሱና በቦታው ያለው ሁሉ አለመቁረቡ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴውን እስከ ፍጻሜው ቆሞ ሳይቆርብ የሚመለሰው ምእመን ብዙ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ ያ የአባቶች ትችት ወደ ራሳቸው ልጆች የሚመለስ ከባድ ቃል ነው።

የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ከአልቫሬዝ ጋር ወደ ሊዝበን የተላከው ኢትዮጵያዊ ካህን ጸጋ ዘአብ የገጠመው ግን ሌላ ነበር። በ1527 ሊዝበን ከደረሰ በኋላ የፖርቱጋል ሊቃውንት ስለ ሰንበት አከባበር፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ ሕግ ደጋግመው መረመሩት፤ ዓመታት እስኪያልፉም ከቅዱስ ቁርባን ተከለከለ። በሚያዝያ 1534 የፈጸመውና ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ በ1540 በላቲን ተተርጉሞ እንዲታተም ያደረገው የእምነት መግለጫ፣ ክርስቲያን የሆነ እንግዳ እንደ አረማዊ መቆጠሩን አምርሮ ይቃወማል፤ ግሪኩም አርመኑም ኢትዮጵያዊውም በፍቅር ሊታቀፍ እንደሚገባውም ይሟገታል። መግለጫው በተጻፈበት በ1534 በበጋ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በጀርመን ወዳለችው ዊተንበርግ ሄዶ ከተሐድሶ መሪዎቹ ከማርቲን ሉተርና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ተነጋገረ። በሐምሌ 4 ቀን 1534 የተጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ይናገራል፤ እንግዳውን የሚያገኙ ሁሉም ክርስቲያናዊ ፍቅር እንዲያሳዩት ይለምናል።

ከዚህ ተነሥቶ ዊተንበርግን ማመስገንና ሊዝበንን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ ጥንቃቄ ይሻል። ሚካኤል የቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለነበር፣ ዓመታት የኖረ እንግዳ የሚያስነሣው ጥያቄ አልተነሣበትም፤ ዊተንበርግም ከሮም ለተለየ ቤተ ክርስቲያን በምሥራቅ ምስክር ማግኘቷ ጠቅሟታል። ቁርባንን መጠበቅም በራሱ ንቀት አይደለም፤ ምሥጢሩ አማኑኤል ራሱ እንደሆነ የምታምን ቤተ ክርስቲያን፣ ንስሐ ያልገባና ያልጾመ የገዛ ልጇንም ታግደዋለች። የጸጋ ዘአብ ቅሬታ እውነተኛ የሚሆነው ከጽዋው በመለየቱ ብቻ አልነበረም፤ መምህርና መልእክተኛ ሆኖ ሳለ ዓመታት ሙሉ እንደ ተጠርጣሪ ተመርምሮ፣ ለመከልከሉ የሚበቃ ቀኖናዊ ምክንያት እንዳልቀረበለት ስላመነ ነው። የክልከላው ምክንያት ከተነገረው እንግዳው ከወንድምነት ሳይወጣ ሊቆም ይችላል፤ ካልተነገረው ግን ያው ክልከላ ፍርድ ሆኖ ይሰማዋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የራሳቸው ሕንፃ የሌላቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ከአንግሊካን፣ ከሉተራን ወይም ከካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በተዋሱት ወይም በተከራዩት አዳራሽ ሲቀድሱ ይህ ጥያቄ በተገላቢጦሽ ይመጣል፤ የሕንፃው ባለቤት የሆነው ጉባኤ አባል አንድ እሑድ ማለዳ ቢገባ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናልና። ጫማውን የት እንደሚያወልቅ፣ ወንዶችና ሴቶች በየት በየት እንደሚቆሙ፣ ወደ ቁርባን የማይቀርበውም ለምን እንደሆነ ከቅዳሴው በፊት ጎኑ የቆመ ሰው በሚገባው ቋንቋ ቢነግረው፣ የጳውሎስ ትእዛዝ ተፈጸመ ማለት ነው። ቅዳሴው ሲያበቃም ለእሱ የሚሆን ማዕድ አይጠፋም፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ዳቦው ተቆርሶ ጸበል ጸዲቅ ቅመሱ ሲባል፣ የቆረበውም ያልቆረበውም፣ የቤቱ ልጅም እንግዳውም ከአንዱ ዳቦ ይካፈላሉ።