የጎደለው ስም የማን ጥፋት ነው?

አምና የምሠራበት ማተሚያ ቤት የአንድ አባትን የአርባ ቀን መታሰቢያ መጽሔት አተመ፤ 500 ኮፒ። ልጆቻቸው ሊወስዱ ሲመጡ ትንሿ የስም ዝርዝሩን ደጋግማ አየችና «እኔ የለሁበትም» አለች። አልጮኸችም፤ ይኼው ነው ያለችው።

ማን ነው የጣላት? ገጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ፊደሉን ሳሳድግ የመጨረሻው መስመር ከሳጥኑ ወርዶ ተደብቋል። ታላቅ ወንድሟ ናሙናውን በቴሌግራም አይቶ «አሪፍ ነው፣ ይታተም» ብሏል። የሲቲፒው ባለሙያ የደረሰውን ፋይል ልኳል። ማሽኒስቱ ቀለሙን እንጂ ጽሑፉን አላየም። ሁላችንም «ፋይሉ እንደመጣ ነው» አልን።

ድሮ ገጹ መጀመሪያ ፊልም ላይ ይወጣ ነበር። ፊልሙ ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ይገጣጠማል፤ ከዚያ አሉሚኒየም ፕሌት ላይ ተነጥፎ ኃይለኛ ብርሃን ይበራበታል፤ ፕሌቱም በኬሚካል ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጀርመን ዱሰልዶርፍ በተካሄደው የድሩፓ የሕትመት ትርዒት ላይ ትኩረት የሳበው ሲቲፒ ግን ፊልሙን ከመሐል አወጣው። አሁን ሌዘሩ ከኮምፒውተር የመጣውን በቀጥታ ፕሌቱ ላይ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ። ለባለቀለም ገጽ አራት ፕሌት ይወጣል፤ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

በፊልሙ ዘመን የሠሩ አንድ አንጋፋ ባልደረባ አሉን፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ፣ እኔ አራሚ አልነበርኩም። ግን ፊልም ስገጣጥም ዓይኔ ሳያነብ አያልፍም ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ፊልሙ ይሻል ነበር?» ስላቸው ሳቁ። «ወገቤን የጨረሰው እኮ ያ ጠረጴዛ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ፊልም አቧራ ይይዛል፣ ይጫራል፤ ቀለሞቹም ትንሽ ከተዛነፉ ሥዕሉ ይበላሻል። እኔም ወደዚያ መመለስ አልፈልግም። ግን የጋሼ ንግግር አንድ ነገር አሳየኝ። እሳቸው ያነቡ የነበረው ከእኛ የተሻለ ሕሊና ስላላቸው ላይሆን ይችላል፤ ሥራው ራሱ ዓይናቸውን ገጹ ላይ ያቆየው ነበር። ጥንቃቄው ከድካሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ዛሬ ድካሙ ሲቀር ጥንቃቄውም ሳናውቀው አብሮ ቀረ። ካሁን በኋላ ባነብ፣ ማንም ሳያስገድደኝ መርጬ ነው የማነበው።

ጥፋቱን ለአራት ተካፍለን ቀለል ብሎን ነበር። ለልጅቷ ግን ሩብ አልሆነላትም፤ ከአባቷ መጽሔት ላይ የጎደለው ስሟ ሙሉ ነው።

ገጹን አስተካክለን አዲስ ፕሌት አወጣን፤ እንደገና አተምን። አሁን ፋይል ከመላኬ በፊት ገጹን ወረቀት ላይ አውጥቼ ስሞቹን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። አንዳንዴ የሲቲፒው ልጅ «ኧረ ቶሎ በል!» ይለኛል። ሌዘሩ ግን ይጠብቃል።