ሳንዘጋጅ ስለምናደርገው ዱዓ



ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ከፒያሳ ኑር መስጂድ ወጥቼ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተከተለኝ። «ኡስታዝ፣ ፈተና ደርሷል፤ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለ። «ኢንሻአላህ። ዝግጅትህስ እንዴት ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ገና ነኝ፤ ግን ተወኩል አለኝ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በቴሌግራም «መልሱ አለኝ» የሚል ሰው ገንዘብ እየጠየቀው ነው። «ሌላው ሁሉ እየገዛ እኔ ብቻ ብተወው ሞኝነት አይሆንም?»

«አትግዛ» አልኩት፤ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ታክሲ ውስጥ ገባና ተለያየን። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። አትግዛ ማለት ቀላል ነው። ለምን እንደማይገዛና በምትኩ ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትም። ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው ያን ቀን ለእሱ ያልነገርኩትን ነው።

በመጀመሪያ ተወኩል። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደሆነ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። የራሳቸውን ሂጅራም አስቡ። መዲና ከመካ በስተሰሜን ሆና ሳለ እሳቸው መጀመሪያ በስተደቡብ ወዳለው የሠውር ዋሻ ሄዱ። ሦስት ሌሊት ተደበቁ፤ መንገድ የሚያውቅ መሪም ቀጥረው ነበር። በአላህ እርዳታ ከማንም በላይ እርግጠኛ የነበሩት እሳቸው ይህን ያህል ከተዘጋጁ፣ እኛ መጽሐፉን ሳንገልጥ «ተወኩል አለኝ» የምንለው ምኑን ይዘን ነው?

ለፈተናና ለንግግር ሁላችንም የምንቀራውን የሙሳን (ዐ.ሰ) ዱዓም ልብ በሉ። ሱረቱ ጧሃ ላይ ደረታቸው እንዲሰፋ፣ ሥራቸው እንዲገራላቸው፣ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ ለመኑ። ሰዎች ንግግራቸውን እንዲረዱላቸው ነው። ወንድማቸው ሃሩንም አጋዥ እንዲሆናቸው ጠየቁ። ድክመታቸው የቱ ጋ እንደሆነ ለይተው ያውቁት ነበር ማለት ነው። ያልተዘጋጀ ተማሪ ግን የቱ ቋጠሮ እንደሚይዘው እንኳ አያውቅም፤ ፈተናው ላይ ነው የሚያገኘው።

ዑመርን (ረ.ዐ) የሚያህል ሰው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባረፉ ቀን ወደ ሰቂፋ ሲሄዱ የሚናገሩትን በልባቸው አዘጋጅተው እንደነበር ቡኻሪ ላይ ራሳቸው ተርከዋል። አቡበክር (ረ.ዐ) ቀድመው ተናገሩና ዑመር ያዘጋጁትን ሁሉ እንዲያውም በተሻለ አባባል አሉት። ዑመርም ይህንኑ በግልጽ መሰከሩ። በደንብ የተዘጋጀ ሰው የሌላው ንግግር የሚበልጥበትን ቦታም ለይቶ ያውቃል።

እኔ ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ክፍል ውስጥ የአሥራ አምስት ደቂቃ ንግግር ተሰጠኝ። መድረሳ ያደግሁ ነኝ፣ አፌ አይያዝም ብዬ ርዕሱን ብቻ ይዤ ቆምኩ። በአምስተኛው ደቂቃ የምለው አለቀ፤ የቀረውን መልሼ መላልሼ ሞላሁት። ያን ቀን ያፈርኩት ለራሴ ነበር። በኋላ ግን ሒሳቡን ሠራሁት፤ አርባ ሰው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃውን ሰጥቶኝ ነበር። በድምሩ አሥር ሰዓት የሰው ዕድሜ ነው። አለመዘጋጀት የራሴ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

መልስ መግዛትም እንደዚሁ ነው። የምስክር ወረቀት በዐረብኛ «ሸሃዳ» ይባላል፤ ምስክርነት ማለት ነው። ወረቀቱ «ይህ ሰው ያውቃል» ብሎ ይመሰክራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታላላቅ ወንጀሎችን ሲዘረዝሩ ተደግፈው ከነበሩበት ቀና ብለው ደጋግመው ያስጠነቀቁት ስለ ሐሰት ምስክርነት ነበር። በዚያ ወረቀት አምኖ ነገ ልጁን ለሕክምና ይዞ የሚመጣ አባት አለ። ሌላው ሁሉ ገዛ ማለትም ነገሩን አያቀለውም። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና ተሰርቆ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው ሲቋረጥ፣ ሌሊት ሲያነቡ የከረሙትም አብረው ዋጋ ከፍለዋል።

«ኡስታዝ፣ ትምህርት ቤታችን መምህር እንኳ የለውም» የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደረሰ፤ አሁንም ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ ስንፍና ነው የሚል ሰው ይበድላል። አላህ ማንንም ከአቅሙ በላይ አያስገድድም፤ የምትጠየቁት በእጃችሁ ስላለው ነው። ላልተሰጣችሁ መጽሐፍ የምንጠየቀው እኛ ነን፤ የተማርነው፣ መስጂዳችን ውስጥ ባዶ ክፍል እያለ የማናስጠናው።

በእጃችሁ ያለው ደግሞ ትንሽ አይደለም። ቁርኣን የሐፈዘ ሰው ሙስሐፉን ዘግቶ ካልቀራ ማወቁን አያምንም። ትምህርቱንም እንዲሁ አድርጉት። አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ ዝጉት፣ የያዛችሁትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ የጎደለውን ተመለሱበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውት ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ንግግር ከሆነም ለወንድማችሁ ወይም ለእህታችሁ ቆማችሁ ተናገሩት፤ ሰዓትም ያዙ። በየቀኑ ትንሽ ይሁን፤ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው ነውና።

ያ ተማሪ ይህን ካነበብክ፦ ወንድሜ፣ ዱዓውን አድርጌልሃለሁ። አንተም አድርግ። ግን ባዮሎጂውን ገልጠህ፣ የከበደህን ገጽ ለይተህ፣ ስለዚያ ገጽ ለምነው። እንዲህ ተዘጋጅተህ ብትወድቅ እንኳ በሐሰት አልመሰከርክም፤ ዳግም ለመፈተንም አታፍርም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። ጁሙዓ ሙባረክ።