የእንደራሴው ዕዳ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ስላደግን፥ ብዙዎቻችን እንደ ቀልድ እናልፈዋለን። እኔ ግን እንደ ቀልድ ለማለፍ አልቻልሁም። ተረቱ ሹመትን የግል እርሻ፥ ሕዝብንም የእርሻው ምርት አድርጎ ያያል። ከዚህም የከፋው፥ የሚጸጸተው የበላው ሳይሆን ያልበላው ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ በዚህ ድርሰት ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሕዝብ እንደራሴ የሆነ ሰው ከሰው እጅ ተቀብሎ በነፃ ኅሊና ሊፈርድ ይችላልን? ምንም ሳይቀበል ቢቀርስ፥ በእውነት ነፃ ወጣ ማለት ነውን?

ጉቦ ክፉ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ጉቦ ሻጩና ገዥው የተስማሙበት ሽያጭ ነውና፥ የሠራውም ሰው ክፉ መሠራቱን ያውቀዋል። ለመመርመር የሚያስቸግረው ስጦታ ነው። ስጦታ ውል የለውም፤ ምስክርም የለውም። ሰጪው «ይህን አድርግልኝ» አይልም፤ ተቀባዩም «አደርግልሃለሁ» ብሎ አይምልም። ነገር ግን ሰጪው ደጅ በቆመ ጊዜ በሩ ቀድሞ ይከፈትለታል፤ ነገሩም ከሌላው ሰው ነገር ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማለታል። ይህ የሚሆነው ተቀባዩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ውለታን አለመርሳት እናቶቻችን ያስተማሩን መልካም ጠባይ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ መልካሙ ጠባያችን ራሱ እጃችንን ይዞ ይመራናል።

ባደግሁበት አገር የታወቁ አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣሉ ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው ሲመጡላቸው፥ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ከሁለቱም ቤት እህል ውሃ አይቀምሱም ነበር። ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ፥ «የበላሁበትን ቤት ልወቅስ ስነሣ ጉሮሮዬ ይተናነቀኛል» ይሉ ነበር። እኚህ ሽማግሌ ራሳቸውን ስለ ናቁ ሳይሆን፥ የሰውን ልብ ስለሚያውቁ የተጠነቀቁ ይመስለኛል።

ለአንድ ቀበሌ ሽማግሌ የተቻለው ነገር፥ ብዙ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት በትልቅ መንግሥት ምክር ቤት ይቻላልን? መቻሉን ለማየት የአንድ አሜሪካዊ እንደራሴ፥ የዊልያም ፕሮክስማየር ታሪክ ይረዳናል። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ፕሮክስማየር የሐኪም ልጅ ሲሆን በ1915 ተወለደ። በዊስኮንሲን ግዛት ለአገረ ገዥነት በ1952፥ በ1954 እና በ1956 ተወዳድሮ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በ1957 ግን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበረው ጆሴፍ ማካርቲ ስለ ሞተ፥ በእርሱ ቦታ ለመተካት ተወዳድሮ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ እስከ 1989 መጀመሪያ ድረስ ከ31 ዓመት በላይ በዚያው ወንበር ተቀመጠ።

በአሜሪካ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ለጋዜጣ፥ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ፥ ለጉዞና ለሠራተኛ ደመወዝ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ገንዘቡ የሚገኘው ከደጋፊዎች መዋጮ ነው። በ1976 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለዚሁ ጉዳይ ሲፈርድ፥ አንድ ሰው ለተወዳዳሪ በሚሰጠው መዋጮ ላይ ሕግ ወሰን ሊያደርግ ይችላል፤ ተወዳዳሪው በሚያወጣው ወጪ ላይ ግን ወሰን ማድረግ የንግግርን ነፃነት መንካት ነው አለ። በዚያው ዓመት ፕሮክስማየር እንደገና ለመመረጥ ያወጣው ገንዘብ 200 ዶላር አይሞላም ነበር። በ1982ም እንደዚሁ አደረገ። መዋጮ አልቀበልም ብሎ ስለ ነበር፥ ከዚያችው ጥቂት ገንዘብ አንዱ ክፍል የወጣው ሰዎች ሳይጠየቁ የላኩለትን መልሶ በፖስታ ለመላክ ነው። በማስታወቂያ ፈንታ በየፋብሪካው በርና በየኳስ ሜዳው ደጅ ቆሞ የሕዝቡን እጅ ይጨብጥ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አሸነፈ።

በሥራውም ሰነፍ አልነበረም። ከ1966 እስከ 1988 ድረስ በስም ጥሪ ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ አንድም ሳይቀር በተከታታይ 10,252 ጊዜ ድምፁን ሰጠ። አበዳሪዎች የብድሩን እውነተኛ ዋጋ ለተበዳሪው እንዲገልጹ የሚያስገድደው የ1968 ሕግ እንዲወጣ ብዙ ደከመ። ከ1975 ጀምሮም የመንግሥት ገንዘብ ባክኖበታል ላለው ነገር በየወሩ «የወርቅ ለምድ» የሚል የፌዝ ሽልማት ይሰጥ ነበር።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሦስት ነገር ሊቃወመኝ ይችላል፤ ሦስቱም እውነት ስለሆኑ አልሸሻቸውም። መጀመሪያ፥ ፕሮክስማየር በ1976 ስሙ በግዛቱ ሁሉ የታወቀ ሰው ነበር። ማንም የማያውቀው ጎበዝ በ200 ዶላር ልወዳደር ቢል ስሙን የሚሰማለት አያገኝም። ስለዚህ ያለ መዋጮ መመረጥ ለሁሉ የተከፈተ በር አይደለም። ሁለተኛ፥ ንጹሕ እጅም ያለ አግባብ ይመታል። በ1975 የዝንጀሮዎችን ቁጣ በሚያጠና አንድ ተመራማሪ ላይ በይፋ ስላፌዘ ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979፥ እንደራሴ በምክር ቤት ለሚናገረው ያለው ከለላ ወደ ውጭ በሚበትነው ጽሑፍ ላይ አይሠራም ብሎ ስለ ፈረደ፥ ነገሩ 10,000 ዶላር ተከፍሎ በዕርቅ አለቀ። ከሌብነት የጸዳ ሰው ከትዕቢት ጸዳ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ዊስኮንሲን የወተት አገር ናት። በመንግሥት ወጪ ሁሉ ላይ የሚቆጣው ይህ ሰው፥ የወተትን ዋጋ ለመደገፍ መንግሥት የሚያወጣውን ገንዘብ ግን ይደግፍ ነበር። የሀብታሙን ገንዘብ መልሶ ቢልክም፥ የገበሬውን ድምፅ መልሶ ሊልክ አልቻለም። እንግዲህ ስጦታን እንቢ ያለ ሰው ከአንድ ዕዳ ወጣ እንጂ ከዕዳ ሁሉ አልወጣም። ገንዘብ ባይኖርበት የመራጩ ድምፅ አለበት፤ ድምፅ ባይኖርበት ምስጋና አለበት።

ታዲያ የእንደራሴን ኅሊና በምን እንለካዋለን? መልሱን ከዚሁ ሰው ታሪክ ያገኘሁት ይመስለኛል። የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1948 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተወሰነ። ከመንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው አገራችን ኢትዮጵያ ስትሆን፥ ቀኑም በፈረንጆች ሐምሌ 1 ቀን 1949፥ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። በአሜሪካ ግን ስምምነቱ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ፕሮክስማየር በጥር 1967 ተነሥቶ፥ ስምምነቱ እስኪጸድቅ ድረስ ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር በየቀኑ ስለዚህ ነገር እናገራለሁ ብሎ ቃል ገባ። 19 ዓመት ሙሉ 3,211 ጊዜ ተናገረ። በየካቲት 1986 ምክር ቤቱ በ83 ድምፅ በ11 ተቃውሞ ተቀበለው፤ በ1988 የወጣው ማስፈጸሚያ ሕግም በስሙ ተጠራ።

ስምምነት መጽደቁ ብቻውን ደም እንደማያስቀር በ1994 በሩዋንዳ ታይቷል። ይሁን እንጂ የዚህ ሰው 3,211 ንግግር ለማን እንደ ተደረገ አስቡ። በሩቅ አገር የታረዱ ሰዎች ለምርጫው መዋጮ አልላኩም። በዊስኮንሲንም ድምፅ አልሰጡም። ወተታቸውንም አልሸጡም። የሞተ ሰው ውለታ አይመልስም። እንደራሴው ነፃ መሆኑ የታወቀው ገንዘቡን መልሶ በላከ ጊዜ ሳይሆን፥ ምንም ሊሰጡት ለማይችሉ ሰዎች ሳይሰለች በተነሣ ጊዜ ነው። ገንዘቡን አለመቀበሉ አፉን ከፈተለት፤ በተከፈተው አፍ የሚናገረውን መምረጥ ግን የራሱ ሥራ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ አንተም በእድር፥ በማኅበር ወይም በምክር ቤት የሰው አደራ ትቀበል ይሆናል። አንቺም እንደዚሁ። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ከማን እጅ በላሁ? ፍርድ በሚሰጥበት ቀን በቦታዬ ተገኝቻለሁን? ምንም ሊመልስልኝ ለማይችል ሰው አንድ ቀን ቃል ተናግሬአለሁን? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሒሳብ ያዥና ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። ሦስተኛውን ግን መዝገብ የሚይዝላችሁ ስለሌለ፥ ራሳችሁ ቁጠሩት።