ደስ ያሰኘችን ስህተት



አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ማንንም ያልጎዳች፣ እንዲያውም ሰሚዋን ሁሉ ደስ ያሰኘች አንዲት ትንሽ ስህተት ከአፋችሁ ብታመልጥ፣ ኋላም ስህተት መሆኗን ብትደርሱበት፣ ተመልሳችሁ ታርሟታላችሁ ወይስ እንደወጣች ትተዋታላችሁ? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። በራሴ ላይ እስኪደርስ ድረስ ለእኔም ቀላል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የረመዳን ምሽት፣ ከተራዊሕ በኋላ በመድረሳው አዳራሽ ለሰፈራችን ልጆች የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ጥያቄዎቹን የማውጣቱ ሥራ የተጣለው በእኔ ላይ ነው። ስለ ነቢያት፣ ስለ ሐበሻው ሂጅራና ስለ አገሮች ዋና ከተሞች ስጠይቅ ቆይቼ፣ ልጆቹ እንዳይሰለቹ ብዬ አንድ ለየት ያለ ጥያቄ ጨመርኩ። «‹ሞርኒንግ ሃዝ ብሮክን› የተባለውን ዝነኛ ዜማ ደርሶ የተጫወተው፣ ኋላም እስልምናን የተቀበለው እንግሊዛዊ ድምፃዊ ማን ይባላል?» አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ እጁን አወጣና «ዩሱፍ ኢስላም፤ የቀድሞ ስሙ ካት ስቲቨንስ!» አለ። ተክቢር ተባለለት፤ አንድ መጽሐፍም ተሸለመ። በዚህ ብቻ ብወሰን ጥሩ ነበር። እኔ ግን ማብራሪያ ጨመርኩበት፦ «አያችሁ ልጆች! ይህ ሰው ገና ሳይሰልም ስለ መጀመሪያዋ የፍጥረት ንጋት የሚያወሳ ግጥም ጻፈ። ፊጥራው ፈጣሪውን እየፈለገ ነበር ማለት ነው።» አዳራሹ በ«ሱብሐነላህ» ተሞላ።

ዝግጅቱ አብቅቶ በራፍ ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጠጋ አሉኝ። «ኡስታዝ፣ አይቀየሙኝና የዚያ ዜማ ግጥም የዩሱፍ አይደለም። የአንዲት እንግሊዛዊት ሴት ነው። ዜማውም ከእሷ የቀደመ ነው» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አጠገባችን ሰው አለመኖሩን አይተው ነበር የተናገሩት። አመሰገንኳቸው። በልቤ ግን «እና ምን ይሁን?» ማለቴን አልደብቃችሁም።

በማግስቱ ነገሩን ሳገላብጥ ሰውየው እውነታቸውን ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግጥሙን የጻፈችው በ1881 ለንደን ውስጥ የተወለደችው የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ኤሊነር ፋርጆን ናት። «ሶንግስ ኦፍ ፕሬይዝ» የተሰኘውን የመዝሙር መጽሐፍ ካዘጋጁት አንዱ የሆነው ፐርሲ ዲርመር፣ ለአንድ የቆየ ዜማ የሚስማማ ግጥም እንድትጽፍ ጠይቋት ጻፈች፤ በ1931ም ታተመ። ዩሱፍ የተወለደው በ1948 ነው። ግጥሙ በአሥራ ሰባት ዓመት ይበልጠዋል ማለት ነው! ዜማው ደግሞ «ቡኔሳን» የሚባል የሕዝብ ዜማ ሲሆን፣ ስሙ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ በማል ደሴት ላይ ከምትገኝ መንደር የተወሰደ ነው። በ1872 የሞተችው የዚያች ደሴት ሴት ሜሪ ማክዶናልድ በጌሊክ ቋንቋ የገጠመችው መዝሙርም በዚሁ ዜማ ይባል ነበር። ዩሱፍ ለ1971 አልበሙ ዘፈን አንሶት ሲፈላልግ ከመዝሙር መጽሐፍ እንዳገኘው ራሱ ተናግሯል። ያን በፒያኖ የሚጀምረውን የሚያምር መግቢያ የተጫወተው ደግሞ ሪክ ዌክማን ነው፤ በአልበሙ ላይ ግን ስሙ አልሰፈረም።

እንግዲህ ቃሉ የአንዷ፣ ዜማው የመንደርተኛው፣ ፒያኖው የሌላ፣ ድምፁ የዩሱፍ ነው። እኔ አራቱንም ለአንድ ሰው ሰጥቼ፣ በላዩ ላይ የኢማን ትምህርት ገነባሁበት።

ልተወው ብዬ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። በመጀመሪያ «ነገሩ ስለ ዘፈን ነው፤ ስለ ዘፈን ትክክለኛ ሆነ ስህተት ምን ዋጋ አለው?» አልኩ። ይህ ብዙ አልቆየም። የዘፈንን ሐላልነትና ሐራምነት ዑለማዎቻችን ይነጋገሩበት፤ ስለ ዘፈን የተነገረ ሐሰት ግን ሐሰትነቱን አይለቅም። ሁለተኛው ምክንያቴ ትንሽነቱ ነበር። እሱም ቢሆን ትንሽ ከሆነ ማረሙም ትንሽ ሥራ መሆኑን ሳስብ ወደቀ።

ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። «ስህተቷ እኮ ትጠቅማለች! ልጆቹ ኢማናቸው ታድሶ ነው የሄዱት። አሁን ‹ግጥሙ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነበር› ብዬ ብነግራቸው ምን አተርፋለሁ?» ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ነውና። የሚጎዳንን ሐሰት ለማረም ማንም አይቀድመንም። የሚጠቅመንን ሐሰት ስናገኝ ግን እጃችን ይዝላል።

የሐዲስ ሊቃውንት ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም ስለተባለ ሰው ያወሳሉ። ይህ ሰው ስለ እያንዳንዱ ሱራ ትሩፋት ሐዲስ ፈጠረ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰዎች ከቁርኣን ተዘናግተው በሌላ ዕውቀት ሲጠመዱ ስላየ ወደ ቁርኣን ሊመልሳቸው ፈልጎ እንዳደረገው ተናገረ ይባላል። ዓላማው የሚያምር መሰለው። ሊቃውንቱ ግን ዓላማውን አይተው አላለፉለትም፤ ስሙን ከውሸታሞቹ ተርታ መዘገቡት። እኔ የፈጠርኩት ሐዲስ አልነበረም፤ የሁለቱ ክብደት በፍጹም አይወዳደርም። ሰበቡ ግን ያው ነበር።

በዘመናችንም አይተነዋል። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ አዛን ሰምቶ ሰለመ የሚለው ወሬ በብዙ ሙስሊም አገሮች ስለተዛመተ፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በ1983 ሰውየው እንዳልሰለመ ለኤምባሲዎቹ እስከ መጻፍ ደርሷል። ወሬውን ያዛመተ ሁሉ ውሸታም ነው አልልም። አብዛኛው ደስ ስላለው ብቻ ሳይጠይቅ ያቀበለ ነው። እኔስ ከዚህ በምን ተለየሁ?

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እውነተኛው የዩሱፍ ታሪክ ጌጥ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በ1976 ማሊቡ ባሕር ዳርቻ ሊሰጥም ደርሶ ጌታውን ተማጸነ። ወንድሙ ዴቪድ የሰጠውን ቁርኣን አነበበ። በ1977 ሸሃዳ ያዘ፤ ከዚያም ዝናውን ትቶ ወጣ፤ በ1983 ለንደን ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ይህ ሁሉ እያለ የሰው ግጥም ለምን እናሸክመዋለን? ነገ ከእነዚያ ልጆች አንዱ እውነቱን ከሌላ ቦታ ሲሰማ፣ የነገርኩትን ሌላውንም ነገር መጠርጠሩ አይቀርም።

እነዚህ ስህተቶች ወዴት እንደሚሄዱ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሥራ ስም ግን ሽቅብ ይወጣል። ስሙ ያልታወቀው የሠራው ለዝነኛው ይሰጣል። «ዶንት ዎሪ ቢ ሃፒ» የቦብ ማርሊ ነው ብሎ የሚከራከር ስንት ሰው አጋጥሟችኋል? ዘፈኑ የቦቢ ማክፌሪን ሲሆን የወጣው በ1988 ነው፤ ማርሊ በ1981 ሞቷል። የ«ትዊንክል ትዊንክል» ዜማም ሞዛርት በልጅነቱ የደረሰው ነው ይባላል። እሱ ግን በነበረው የፈረንሳዮች ዜማ ላይ አሥራ ሁለት ማራቢያዎችን ነው የጻፈው፤ ያም በሃያዎቹ ዕድሜው ነው። የእንግሊዝኛው ግጥም ደግሞ በ1806 የታተመ የጄን ቴይለር ሥራ ነው። በሐዲስ ዕውቀትም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ የሶሐባ ንግግር የሆነው ተሳስቶ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከፍ ይደረጋል። ሊቃውንቱ «ቃሉ መልካም ነው፤ ባለቤቱ ግን እገሌ ነው» እያሉ ይመልሱት ነበር። የቃሉ መልካምነት ባለቤቱን አላስረሳቸውም።

ከሰውየው ጋር በሚቀጥለው ጁሙዓ ተገናኘን። «ጋሼ፣ ስለዚያች እንግሊዛዊት እንዲህ የሚያስጨንቅዎት ምንድን ነው?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «አያቴ የገጠሟትን መንዙማ በካሴት ሰማኋት። ‹የእገሌ መንዙማ› እየተባለች፣ በሌላ ሰው ስም። ገንዘብ ፈልጌ አይደለም የከፋኝ። የሞተ ሰው ‹የእኔ ናት› ማለት አይችልም፤ ያወቀ ካልተናገረለት ማን ይናገርለታል?» አሉኝ።

ምክንያቶቼ ሁሉ የፈረሱት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩን የማየው በእኔና በልጆቹ መካከል እንዳለ ጉዳይ ነበር። በ1965 የሞተች፣ በሃይማኖት የማትመስለኝ አንዲት ሴት በእኔ ላይ ሐቅ ይኖራት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ግን አላት።

ሐቅ የሚከበረው ለወገን ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 2004 ዩሱፍ የተሳፈረበት የዋሽንግተን አውሮፕላን ባንጎር ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፣ ዘ ሰን እና ሰንዴይ ታይምስ ከሽብር ጋር የሚያያይዘው ጽሑፍ አወጡ። እሱም ከሰሳቸው። በፌብሩዋሪ 2005 ይቅርታ ጠይቀው ካሳ ሲከፍሉት ሁላችንም «እሰይ!» አልን፤ ስህተት ይታረም ብለን ጮኸናል። የእንግሊዛዊቷ ተራ ሲደርስ ዝም ብንል፣ ስለ ሰላቢዎች የወረደችው ሱራ ስለ ማን ታወራለች? ዩሱፍ ራሱ እንኳን ወደ መድረክ ከተመለሰ በኋላ ለዌክማን ሳይከፈል የቀረውን ሒሳብ ከፍሎ ይቅርታ ጠይቆታል። ባለቤቱ ያረመውን እኔ ላበላሸው ነበር።

ስለ አራሚዎችም አንድ ነገር ልበል። የሰው ስህተት ሲያገኝ እንደ ሎተሪ ዕጣ የወጣለት ያህል የሚዘል ሰው አለ። ንግግሩ ሳያልቅ «ተሳስተሃል!» ይላል። የሚያርመው ቁም ነገሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ሸምጋዩ ሰው ያን ምሽት ከኋላ ረድፍ ተነስተው እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተከራክሬ እረታቸው ነበር። እሳቸው ግን በጫማ መጫሚያው ዘንድ ጠበቁኝ። እሳቸው በስውር ያረሙኝ ክብሬን ጠብቀው ነው። እኔ ግን በአደባባይ የተናገርኩትን በስውር ልመልሰው አልችልም፤ ስህተቷ በስልሳ ልጆች ጆሮ ገብታለችና።

በሚቀጥለው ሳምንት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተነስቼ ተናገርኩ። ረጅም አልነበረም። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው ከየት እንደመጣ፣ ያከልኩት ማብራሪያም መሠረት እንደሌለው ነገርኳቸው። ጥቂቶቹ ሳቁ፤ አንድ ወላጅ ፊታቸውን አጠቆሩ፣ ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። ሌሎቹ ቀጣዩን ጥያቄ ነው የሚጠብቁት።

ሲያበቃ ያ ባለፈው ሳምንት የተሸለመው ልጅ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። «ኡስታዝ፣ ልመልስ?» አለኝ።

«አንተ ምን አጠፋህ? ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ያዘው» አልኩት።

አልሄደም። እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠና «የሴትየዋን ስም እንደገና ይንገሩኝ» አለ።