ማርዳትና መርዳት

ሰው በባልንጀራው ላይ የደረሰውን መከራ የሚያውቀው በሁለት በር ነው፤ በጆሮና በዐይን። በቀድሞው ዘመን የሩቅ አገር መከራ የሚገባው በጆሮ በር ብቻ ነበር። መንገደኛ ለመንገደኛ፥ ነጋዴ ለባለ ሱቅ እየነገረው ወሬው ከብዙ ቀን በኋላ ሲደርስ፥ ሰሚው «እግዚአብሔር ያጽናቸው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሊያደርገው የሚችለው ሌላ ነገር አልነበረምና። ዛሬ ግን ዐይን ጆሮን ቀደመው። ቤት በፈረሰበት ሰዓት፥ አቧራው ገና ሳይረጋ፥ ፎቶግራፉ ከአንዱ የእጅ ስልክ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የላኪውም አሳብ ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም፤ «ወንድሞቻችን ተጨንቀዋልና እዩላቸው» ማለቱ ነው። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። የመከራን ሥዕል ማሳየት መከረኛውን መርዳት ነውን? ወይስ የሚያሳየው ሰው የገዛ ልቡን ሸክም የሚያራግፍበት ብልሃት ነው?

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይቀር ከአንድ ሰፈር መጀመር ይሻላል። በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ሀይሌ ጋርመንት የሚባል ሰፈር አለ። ጧት ወደ ሥራ የሚሄደው፥ ማታም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕዝብ በዚያ ለታክሲ ይሰለፋል። በዚያው ክፍለ ከተማ ጎፋ የተባለ ሌላ ሰፈር ስላለ፥ የታክሲ ረዳቶች «ጎፋ! ጎፋ!» እያሉ ሲጣሩ ይውላሉ። ይህን ስም በየቀኑ የሚሰማው ሰው ስለ አገሩ ስለ ጎፋ አያስብም፤ ስሙ የመንገድ ስም ሆኖበታልና። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት ግን ስሙ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

በዚያ ቀን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፥ የክረምት ዝናብ ጠጥቶ የራሰ ተራራ ተናደ። አስቀድሞ የወረደው ናዳ በቤታቸው ያሉትን ቀበረ። ይህንም የሰማ ጎረቤት ሁሉ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠ፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ፥ መምህራን፥ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ሳይቀሩ ደረሱ። ቆፋሪ መኪና በሌለበት ስፍራ በአካፋና በባዶ እጃቸው አፈሩን ሲምሱ ተራራው ሁለተኛ ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ሊድኑ ከሚጠበቁት ጋር አንድ አደረጋቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ የተቈጠረው የሟች ቍጥር ከ250 በለጠ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ዐወጀ። ሕዝቡ ተሰልፎ ጭቃውን በእጁ ሲቆፍር፥ ሬሳ በቃሬዛ ሲሸከም የሚያሳየው ፎቶግራፍ ሐዘኑ ከመታወጁ አስቀድሞ በአገሩ ሁሉ ተዳርሶ ነበር።

አሁን በዚያ ቀን በሀይሌ ጋርመንት ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል ከገዜ ጎፋ መጥቶ በከተማ ሠርቶ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ቆሞ ነበር እንበል። ከፊቱ ያለው ሰው ዘወር ብሎ ስልኩን ይዘረጋለታል፤ «ይህንን አየህ ወይ?» ይለዋል። ጎልማሳው ያያል። በቃሬዛው ላይ የተኛውን ፊቱን አያይም፤ ፊቱ ተሸፍኗልና። የሸፈነውን ጋቢ ግን ያውቀዋል፤ ባለፈው ዓመት ለአባቱ ገዝቶ የላከው ነው። ላሳየው ሰው ወሬ የነበረው ላየው ሰው መርዶ ሆነ። አሳዪውም ታክሲው ሲመጣ ገብቶ ሄደ፤ ምን እንዳደረገ አላወቀምና።

በኢትዮጵያ መርዶ እንዲሁ በመንገድ የሚነገር ነገር አይደለም። የሟች ዘመድ በሩቅ የሚኖር እንደ ሆነ፥ ወሬውን አስቀድመው የሰሙት ጎረቤቶችና የዕድር ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። «ዛሬን ተኝቶ ይደር» ተብሎ የሰማ ሁሉ አፉን ይዞ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ከመካከላቸው ቃል የሚያውቀው አንዱ ይናገራል፤ የቀሩት የሚወድቀውን ለመደገፍ በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ስለ ምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፥ አባቶች ሦስት ነገር ስላስተዋሉ ነው። አንደኛ፥ የሞት ወሬ ባለቤት አለው፤ ከባለቤቱ አስቀድሞ የአደባባይ ወሬ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፥ ወሬው ሰውን ይጥላልና የሚያነሣ እጅ ከወሬው ጋር አብሮ መድረስ አለበት። ሦስተኛ፥ የሚያረዳ ሰው አርድቶ አይሄድም፤ ድንኳን ይተክላል፥ ንፍሮ ያስቀቅላል፥ ከሐዘንተኛው ጋር ያመሻል። ማርዳትና መርዳት በቃል እንደ ተቀራረቡ በሥራም እንዲሁ ተቀራርበው ይኖሩ ነበር። ማርዳት ከመርዳት ተለይቶ ብቻውን የመጣ እንደ ሆነ ግን ለሰሚው ከማረድ አይሻልም።

ስልክ ያፈረሰው ይህን ሥርዐት ነው። ስልክ ጎሕ እስኪቀድ አይጠብቅም፤ የሚያየው ሰው ብቻውን ይሁን ወይም ከወዳጅ ጋር አይለይም፤ ካሳየም በኋላ አይቈይም። ነገር ግን ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ጭኖ ማለፍ አይቻልም። ስልክ ራሱ አይልክም፤ የሚልከው ሰው ነው፤ ሥርዐትም የተሠራው ለሰው ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ የመከራ ሥዕል ይሰወር፤ ማንም አይይ» ይል ይሆናል። ይህ ግን ከፊተኛው የባሰ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓመተ ምሕረት በወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፍኖ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 «ያልታወቀው ረኃብ» ብሎ በሰየመው ፊልም ለአገሩ ሕዝብ ባሳየ ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ተነክቶ እርዳታ መጣ። በመስከረም 1977 ደግሞ መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በሰሜን ያለው ረኃብ እንደገና ተሸፈነ። ጥቅምት 13 ቀን ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣውና ማይክል በርክ የተናገረበት ሥዕል በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያ በኋላ እህል የጫነ መርከብና አውሮፕላን ከየአቅጣጫው ተነሣ። ሥዕሉ ባይታይ ኖሮ የሚሞተው ሰው በበዛ ነበር። ስለዚህ ማሳየት ኃጢአት ነው የሚል ሰው የእነዚያን ነፍስ ዋጋ ይዘነጋል።

የሆነ ሆኖ ከነዚሁ ሥዕሎች ሌላም ነገር ይታያል። የወሎው ፊልም ሁለተኛ አገልግሎት ወጣለት። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት የግብር ሥዕል ጋር ቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። በዚያ ፍርድ የንጉሡ በደል ትልቅ ነው ትንሽ ነው የሚለው ክርክር ሌላ ነው። ረኃብተኛው ግን ሳይጠየቅ ምስክር ተደርጎ ተቈጠረ፤ አጥንቱ የሌላ ሰው የክስ ወረቀት ሆነ። የ1977ቱም ሥዕል የብዙዎችን ሕይወት አትርፎ ስማቸውን አስቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በባዕድ አገር ኢትዮጵያ ሲባል የሚታሰበው ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊት ሆነ። ሕፃኑ ግን የአንዲት እናት ልጅ ነበር፤ እናቱም ስም አውጥታለት ነበር። ሥዕሉ ያስተላለፈው ረኃቡን እንጂ ስሙን አይደለም።

ማየትና መድረስም አንድ አይደሉም። ለዚህ ምስክሩ ድኻ አገር ብቻ አይደለም። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስን ከተማ መታ፤ ውኃ የሚከለክሉት ግድቦች ተሰብረው ከአምስት እጅ አራት እጁ የከተማው መሬት በጐርፍ ተዋጠ። ሰው በቤቱ ጣራ ላይ ሆኖ ጨርቅ ሲያውለበልብ ዓለም ሁሉ አየው። ካሜራ ቶሎ ደረሰ፤ የሚጠጣ ውኃና የሚበላ ምግብ ግን ለብዙዎች ከቀናት በኋላ ደረሰ። በወንጌል በተነገረው ምሳሌም ወንበዴዎች ያቈሰሉትን ሰው ካህኑም አየው፥ ሌዋዊውም አየው። ያጡት ዐይን አልነበረም። ሳምራዊው ከነርሱ የሚለየው በማየቱ ሳይሆን ከማየቱ በኋላ ዘይቱን፥ አህያውንና ገንዘቡን በማውጣቱ ነው። የቁስለኛው ስም አለመጻፉንም ልብ ይሏል፤ ለመታከሙ የሚያስፈልገው ቁስሉ ብቻ ነበርና ቁስሉ ብቻ ተነገረ።

እንግዲህ የሟች ሥዕል እንዴት ሊያዝ ይገባል ቢሉ፥ የከተማው ሕዝብ ይህንንም በለቅሶው አስቀድሞ አስተካክሎታል። በለቅሶ ቤት የሟች ፎቶግራፍ ይወጣል። የሚይዘው ግን መንገደኛ አይደለም፤ እኅቱ ናት፥ ልጁ ነው። የሚያዘውም በሠርጉ ቀን ወይም በተመረቀበት ቀን ደኅና ልብሱን ለብሶ የተነሣው እንጂ በአልጋ ላይ ሲጨነቅ የተነሣው አይደለም። የሚያዩትም በእግራቸው የመጡ ናቸው። በዚያ ፎቶግራፉ ሰም ነው፤ ወርቁ ሰውየው ነው፤ ሰሙን ያየ ሁሉ ስለ ወርቁ ያለቅሳል። ዛሬ ግን ሰሙን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወርቁን በጭቃው ውስጥ የሚተው በዝቷል።

ከዚህ በኋላ የመከራን ፎቶግራፍ ለማስተላለፍ የሚነሣ ሰው ከመርዶ ሥርዐት ጋር ያስተያየው። ባለቤቱ ሰምቷልን? ዘመድ ያልሰማውን የሟች ፊት፥ ቃሬዛውንም ቢሆን፥ ለጊዜው ይያዘው፤ የተናደውን ተራራ፥ የፈረሰውን ቤት፥ የተቈረጠውን መንገድ ቢያሳይ ግን ለሚረዳው ሰው መንገድ ይመራል። እጅ አብሮ ይሄዳልን? «እዩ» ከሚለው ቃል ጋር ምን እንደሚያስፈልግ፥ ዱቄቱና ብርድ ልብሱ የት እንደሚሰጥ፥ የቀይ መስቀል ማኅበርም ሆነ ሌላ ተቀባይ ወዴት እንደሚገኝ ይጻፍበት። አሳዪው ይቈያልን? ብሔራዊው ሐዘን ሦስት ቀን ነበር፤ ቤቱ የተቀበረበት ሰው ግን በአርባውም በሙት ዓመቱም ቤት የለውም። የዚያን ቀን ፎቶግራፉ ከስልኩ ውስጥ ወርዶ ርቋል፤ የላኪው አሳብም አብሮ ከራቀ፥ ያሳየው ለመከረኛው ሳይሆን ለራሱ ነበር ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ላለው ነው፤ ምንም የሌለው ሰው ከመላክ በቀር ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር አባባሉ እውነት አለበት፤ ድኻው ኀዘኑን የሚገልጽበት ሌላ መንገድ ጠቦታል። መጠየቅ ግን ገንዘብ አያስወጣም። በሀይሌ ጋርመንት የቆመው ሰው ስልኩን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ «ወንድሜ፥ አገርህ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱን ሰምቶ ስልኩን ወደ ኪሱ በመለሰው ነበር። «ቤት አለ ወይ? ከማን ጋር ነው የምትኖር?» ይለው፥ ተራውንም ለሌላ ለቆ እስከ ደጁ ይሸኘው፥ ለጎረቤቱም ቀስ ብሎ ይነግረው ነበር። የሚያጣው ነገር አንድ ታክሲ ነው። ተራራው ሁለተኛ ሲናድ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በእጃቸው ይቆፍሩ የነበሩት ሰዎች ከዚህ እጅግ የበለጠ አጥተዋል፤ እነርሱ ግን የጎረቤታቸውን መከራ ሲሰሙ አስቀድመው ያደረጉት መሄድ ነበር።