ወና ቤት የማን ነው?

በቋንቋችን «ባለቤት» የምንለው ቃል ብዙ ሸክም የተጫነበት ነው። ቤት ያለውን ሰው ብቻ ሳይሆን የእርሻውንም፣ የላሙንም፣ የመጽሐፉንም ጌታ ባለቤት እንላለን፤ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን ባለቤቴ ይላሉ፤ የሰዋስው መምህራንም የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ ባለቤት ብለው ይጠሩታል። የቃሉን አወጣጥ ላስተዋለ ሰው የንብረት ሁሉ ሥር ቤት ነው የሚል አሳብ በውስጡ ተቀብሮ ያገኛል። ነገር ግን ይኸው ቋንቋ ሌላም ቃል አለው፤ ይኸውም «ወና» የሚለው ነው። ወና ማለት ሰው የወጣበት፣ እሳት የማይነድበት፣ ጢስ የማይታይበት ቤት ነው። ልጆች ሳለን እንዲህ ባለው ቤት አጠገብ በምሽት ማለፍ እንፈራ ነበር፤ ሰው የለቀቀውን ቤት ጋኔን ይወርሰዋል ይሉን ነበርና። ዛሬ ሳስበው ግን ያ የልጅነት ተረት አንድ የሕግ ጥያቄ ያዘለ ሆኖ ይታየኛል። ሰው የለቀቀው ቤት ወራሽ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ ወራሹ ማን ነው? ጎረቤት፣ ድኻ፣ ወይስ ማዘጋጃ ቤት?

ጥያቄውን ወደ አእምሮዬ የመለሰችው ኤረር ናት። ኤረር በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በባቡሩ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በፍል ውሃዋና በፍራፍሬዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ነው እንግዲህ ባቡሩ የኤረርን ሜዳ ያቋረጠው። ባቡር ባለፈበት ሁሉ ጣቢያ ይተከላል፤ ጣቢያ በተተከለበትም ከድንጋይና ከቆርቆሮ የተሠራ ቤት ይከተላል፤ ቤቱንም ተከትለው የሐዲድ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ሻይ የምታፈላው ሴት ይመጣሉ። ከዚያም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የድሮው ሐዲድ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራ አቆመ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚህ መስመር የኖሩት የባቡር ከተሞች ሁሉ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ሥራ ሲሄድ ሰው ይከተለዋል፤ የድንጋይ ቤት ግን ማንንም አይከተልም።

እዚያው ሜዳ ላይ ደግሞ ከድንጋዩ ቤት የቀደመ ሌላ ቤት አለ። ይህም በሶማሊኛ አቃል የሚባለው፣ ሴቶች እንጨት አጉብጠው፣ ሰሌን አልብሰው የሚተክሉት ተንቀሳቃሽ ጎጆ ነው። ዝናብ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄድ አቃሉ ይነቀላል፣ በግመል ይጫናል፣ ከባለቤቱም ጋር ይጓዛል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አቃል ወና ሊሆን እንደማይችል ልብ ይሏል። ሰው ሲነሣ ቤቱም ይነሣልና የተዘጋ በርና የጠፋ ባለቤት የሚባል ነገር በእርሱ ዘንድ የለም። የሚቀረው መሬቱ ነው፤ ግጦሹ ደግሞ የጋራ ነው። በአርብቶ አደሩ ልማድ የግል መብት የሚጠነክረው ሰው ላቡን ባፈሰሰበት ነገር ላይ ነው፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ለቆፈረው ወገን ይቆጠራል፤ ከሰማይ የወረደና በሜዳ የተኛ ውሃ ግን ለመጣ ሁሉ ነው። በዚህ አገር የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች ሔር ኢሴ የሚሉት በቃል የሚተላለፍ ሕግ አላቸው፤ 44 አዋቂዎች በሲቲ ተሰብስበው የተስማሙበት ነው ይባላል፤ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ጽፎታል። የግመልና የዝናብ ሕግ ያለው ሕዝብ የተዘጋ የድንጋይ ቤት ሲያይ ምን ይላል? እንደ ጉድጓድ ይቈጥረዋልን፣ ወይስ እንደ ግጦሽ?

ነገሩ እንደ ጉድጓድ ነው የሚል ሰው ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ድንጋዩን የፈለጥኩ፣ ቆርቆሮውን የገዛሁ እኔ ነኝ፤ ብኖርበት፣ ባከራየው፣ ብዘጋው የማንም ጉዳይ አይደለም ይላል። ንብረት ማለት የመጠቀም መብት ብቻ ከሆነና ያለመጠቀም መብት ከሌለበት እኔ የቤቴ ዘበኛ እንጂ ባለቤቱ አይደለሁም ይላል። የተቃራኒው ወገን ደግሞ እንዲህ ሲል ይመልሳል። ቤት እንደ ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ በሣጥን ቢዘጋበት ማንም አይበርደውም፤ ቤት ሲዘጋ ግን በደጁ የሚያድር ሰው አለ። ደግሞም ቆልፈህ የሄድከው ቤት ዋጋው ያደገው አንተ ስለደከምክበት አይደለም፤ ሌሎች በከተማው ስለኖሩ፣ ስለነገዱ፣ መንገድ ስላወጡ ነው እንጂ። እኔ በበኩሌ ይህ ሁለተኛው ክርክር እውነት እንዳለበት አምናለሁ፤ ዳሩ ግን ወደ ሹም ጠረጴዛ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አገራችን ስላየች በጭፍን ልከተለው አልደፍርም።

ያየነውም በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት እጅ ገቡ። ኪራይም ቀነሰ፤ ይህም ለብዙ ድኻ እፎይታ እንደነበረ አይካድም። ነገር ግን አዋጁ የመረጠውን ቃል እናስተውል። «ባዶ» አላለም፤ «ትርፍ» አለ። ትርፍ የሚቆጠረው በባለቤቱ በኩል ነው፤ ባዶ የሚቆጠረው በቤቱ በኩል ነው። ሁለተኛ ጎጆ ሠርታ በኪራዩ የምትተዳደር መበለት ጎጆዋ ሰው የሞላበት ሆኖ ሳለ ትርፍ ተባለ፤ አንድ ሰፊ ቤት ብቻ ኖሮት ክፍሎቹን ዘግቶ የሚኖር ሰው ግን ምንም አልተነካም። ሰው ለሚኖርበት ቤት ተብሎ ወና ቤት ሲታለፍ ፍርዱ የድኻን መጠለያ ሳይሆን የባለቤትን ጣት ሲቈጥር ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በኋላ የሆነው ለጥያቄያችን ይበልጥ ይጠቅማል። ቀበሌው በጥቂት ብር የሚያከራየውን ቤት ጣሪያ የሚጠግንበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩም የእርሱ አይደለምና አልጠገነውም፤ የቀድሞው ባለቤት በደጁ እያለፈ ግድግዳው ሲዘም ያይ ነበር። አዋጁ ካሣ እንደሚከፈል ቢናገርም ካሣውን ሳያዩ የሞቱ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። በአበው አነጋገር «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይባላል። መልካም ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን በቅሎዋ በሕግ ሄዳ ሕጉ የገባውን ቃል ሳይፈጽም ሲቀርስ? ለዚህ ምሳሌው መልስ የለውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከሕጉ ውጪ የተወሰዱትን ንብረቶች እንደገና ለመመርመር በር ከፈተ፤ በሕጉ መሠረት የተወሰዱት ግን እንደተወሰዱ ቀሩ።

ከአብዮቱ በፊት የነበረው ሕግ በዚህ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ነበረው ማለት ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1460 ጀምሮ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ንብረት ስለሚለቀቅበት ሥርዓት ይናገራል፤ ይህም ሥርዓት ገንዘብ ለማግኘት ብቻ ሲባል ሊሠራበት እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ስለ ጠፋ ሰውም ይናገራል፤ ወሬው ለሁለት ዓመት ያልተሰማ እንደሆነ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ዳኛን ሊጠይቅ ይችላል። በቁጥር 1168 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ዓመት በተከታታይ ግብሩን የከፈለ ሰው የንብረቱ ባለቤት ይሆናል ይላል። ለሰውየው ሁለት ዓመት፣ ለቤቱ 15 ዓመት! ሕግ አውጪው ሰው ቶሎ እንደሚጠፋ፣ ቤት ግን በትዕግሥት እንደሚጠብቅ ያወቀ ይመስላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ሲደነግግ፣ በላዩ የተሠራው ግን የሠሪው እንደሆነ፣ መንግሥትም ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። «በቅድሚያ» የምትለው ቃል ከ1967 ዓ.ም. ትምህርት የተገኘች ናት ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅም በጊዜው ግንባታ ያልጀመረ ሰው ቦታውን እንደሚያጣ ይናገራል። ባዶ ቦታን እንዲህ የሚቀጣ ሕግ ስለ ወና ቤት ዝም ቢል ሹማምንት ሁሉ ዝም ይላሉ ማለት አይደለም።

ወደ ባሕር ማዶ ብንመለከት እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 የወጣው የቤቶች ሕጋቸው ለአካባቢ ምክር ቤቶች ቤትን በግድ ገዝቶ የመውሰድ ሥልጣን ይሰጣል። በ2004 የወጣው ግን ከዚህ የለዘበ ነው፤ ምክር ቤቱ ባለቤትነቱን ሳይነካ ወናውን ቤት ተረክቦ፣ አድሶ፣ አከራይቶ፣ ወጪውን ከኪራዩ እያነሣ እስከ ሰባት ዓመት ሊያስተዳድረው ይችላል። በመጀመሪያ ቤቱ ስድስት ወር ባዶ መሆኑ በቂ ነበር፤ በ2012 ግን ወደ ሁለት ዓመት ከፍ አለ። ሌላ ቦታ የታመመ ዘመዱን የሚያስታምም ሰው ቤትም ከዚህ ነፃ ነው። ይህ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ አሳቡ ግን ከአቃሉ አገር ልማድ ጋር የሚገናኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጉድጓዱ የቆፋሪው ሆኖ ይቀራል፤ ውሃው ግን እስኪመለስ ድረስ ይጠጣል።

ይህን አሳብ እንዳለ አንሥተን ወደ ምሥራቅ እንዳንተክለው የሚከለክለን አንድ ነገር አለ። በዚያ አገር ቤት ወና የሚሆነው በሀብት ብዛት ብቻ አይደለም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ስትያዝ ሕዝቧ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ በየካቲት ወር ስትመለስ ደጁን ቆልፎ የወጣ ሰው ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ተፈናቀሉ፤ በሐረርና በጅጅጋ መካከል ያለው የቆሎጂ መጠለያ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። የእነዚህን ሰዎች ቤት የከተማ ጸሐፊ በመዝገብ «ባዶ» ብሎ ቢጽፈው እውነት ጽፏል፤ ነገር ግን ቤቱ የተተወ አይደለም። ሰው ከወደደው ቤት በጦር ተባርሮ ሲወጣና ዋጋው እስኪጨምር ቆልፎ ሲቀመጥ፣ ከደጅ ሆኖ ለሚያየው ሁለቱም ቤቶች አንድ ዓይነት ዝገት የያዘ ቁልፍ አላቸው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት መንግሥታት ተፈናቃዮች ጥለውት የሄዱትን ንብረት ከዘፈቀደ ወራሪ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ስለዚህ ዘመኑን ከመቍጠር በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል፤ «ስንት ዓመት ሆነው?» ከማለት በፊት «ስለ ምን ተዘጋ?» ማለት።

ሦስተኛም ዓይነት ወና ቤት አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አባት ሞቶ ወንድማማች የሚካሰሱበት ነው። አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ አረብ አገር ሆኖ ማንም ለማንም አልፈርምም ሲል ቤቱ በመካከል ይፈርሳል። ለዚህ ዓይነቱ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ሽማግሌ ይሻላል።

እንግዲህ አንድ ሰው እናስብ። በኤረር በባቡር ዘመን የተሠራ የድንጋይ ቤት አለው እንበል፤ ሥራው ሲቆም ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ልጆቹም አልተመለሱም። በዚያው ከተማ መምህርት ተሾማ መጥታ የምታድርበት አጥታ ከሦስት ሰው ጋር በአንዲት ክፍል ትኖራለች። የከተማው ሹም ቤቱን ወስዶ ለመምህርቷ ቢሰጥ ማን ይቈጣዋል? እኔም ለመቆጣት ይቸግረኛል። ሆኖም ዛሬ ለመምህርቷ የተከፈተው በር ነገ ለሹሙ የወንድም ልጅ እንደማይከፈት ዋስ የሚሆነኝ ማን ነው? በአዲስ አበባ ለድኻ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲመረመሩ ባዶ ሆነው የተዘጉና ያለ ሕግ የተያዙ ተገኝተዋል፤ ወና ቤት የሚያበዛው የግል ባለቤት ብቻ እንዳልሆነም አየን።

ስለዚህ እኔ ሹሙ ቤቱን ይውሰድ አልልም፤ ቁልፉን ይቀበል እላለሁ። በመጀመሪያ በአማርኛም በሶማሊኛም ጥሪ ይነገር፤ በከተማው ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ሄደበት በተባለው ከተማም ይሰማ። ሁለት ዓመት ይጠበቅ፤ ሕጋችን ለጠፋ ሰው የሰጠው ጊዜ ለቤቱ ሊያንስበት አይገባምና። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ስለ ምን እንደተዘጋ ይመስክሩ፤ በጦር የተባረረ ሰው ቤት ከሆነ ጥሪው ይቁም። ካልሆነ መምህርቷ ትግባ፤ ኪራዩም በባለቤቱ ስም በባንክ ይቀመጥ፤ ሰውየው ወይም ልጁ መጥቶ «ቤቴ» ባለ ቀን ከነሒሳቡ ይረከብ፤ እርሷም ሌላ ማደሪያ እስክታገኝ ስድስት ወር ይሰጣት። የጣሪያው ቆርቆሮ የተጠገነበት ወጪስ በማን ላይ ይሁን የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ባለቤቱ «አድሱልኝ ያላችሁ ማን ነው?» ሊል ይችላል። ከኪራዩ ላይ ይነሣ ባይ ነኝ፤ ቆርቆሮው ባይለወጥ ኖሮ የሚረከበው ቤት አይኖርም ነበርና።